ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብና በግንባር ላይ የተጻፈው ሃይማኖት

ማተቡን ሳያስር ከቤቱ የማይወጣ፣ ለፈተናም ሲቀመጥ ትንሿን መስቀል በኪሱ ይዞ የሚገባ ተማሪ ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም ከመዝገቡ ክምር አጠገብ የእመቤታችን ሥዕል የቆመበት ጠረጴዛ አይታጣም። ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ነገር ስለሆነ ስለ አመጣጡ አንጠይቅም። እርግጥ ነው፣ መስቀልና ሥዕል በአንድ ንጉሥ ዘመን የተጀመሩ አይደሉም። ነገር ግን ምእመኑ ሃይማኖቱን በሚታይና በሚዳሰስ ነገር እንዲገልጽ ከዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይልቅ የደከመ ንጉሥ በታሪካችን አይገኝም፤ በዚሁም ነገር ከእርሳቸው ይበልጥ የጨከነ የለም።

ዘርዓ ያዕቆብ የዓፄ ዳዊት ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በፈጠጋር ምድር በ1391 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዘመኑ ልማድ የነጋሢ ዘር ዙፋኑን እንዳይሻማ በአምባ ግሸን ይጠበቅ ስለነበር፣ እርሳቸውም ለንግሥና የተጠሩት በ1426 ዓ.ም. ከዚያው አምባ ወርደው ነው። በኋላም፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ አባታቸው ያስመጡትን ግማደ መስቀል ወስደው ያስቀመጡት በዚያው በግሸን ነው። የታሰሩበትን ተራራ ሕዝብ እስከ ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚሳለመው ደብር አደረጉት ማለት ነው።

በነገሡ ጊዜ አገሪቱ ሰፊ ነበረች፤ አንድነቷ ግን የላላ ነበር። ብዙው ሰው ተጠመቀ ይባል እንጂ ወደ ጠንቋይም ይሄድ ነበር፤ ገዳማቱም በሰንበት አከባበር ተለያይተው ነበር። የሰንበቱን ጠብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባዔ አስታረቁት። ለሌላው መድኃኒት ብለው ያሰቡት ግን ዓይን የሚያየውን ነገር ነው። የእመቤታችን በዓላት 33 ሆነው እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ ለሥዕሏም እንዲሰገድ አዘዙ። የመስቀል ምልክትም በልብስና በጦር መሣሪያ ላይ እንዲደረግ ሆነ። ከሁሉ የሚያስገርመው ትእዛዝ ግን ክርስቲያን ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በሁለቱም እጆቹ ላይ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ እንዲይዝ ያዘዙት ነው። አባት ለልጁ ያሰረው ማተብና በዐዋጅ በግንባር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሲጠፋ ሰው ያዝናል፤ ሁለተኛው ሲጠፋ ግን ይፈራል።

ከዚህ ሥራቸው የተረፈው ውበት ግን ሊካድ አይገባውም። በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሣላት እመቤታችን ልጇን አቅፋ ትታያለች። ሥዕሉ በዚሁ ንጉሥ ዘመን መሠራቱ በራሱ በሰሌዳው ላይ ተጽፏል። በዚያን ዘመን ሠዓሊ ስሙን መጻፉ ብርቅ ነውና የፍሬ ጽዮንን ስም በማወቃችን ዕድለኞች ነን።

እንዲሁም አንሰግድም ያሉ መነኮሳት ነበሩ። አባ እስጢፋኖስ የሚባሉት የትግራይ መነኩሴና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለት ለንጉሡም፣ ለመስቀሉም፣ ለሥዕሉም መስገድን እምቢ አሉ። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ሰው የሚሰግደው ለእንጨቱና ለቀለሙ ሳይሆን በእርሱ ለሚታሰበው ነው ብላ ነው። ለዚህ ክርክር መልሱ ሌላ ክርክር መሆን በተገባው ነበር። የተሰጠው መልስ ግን ግርፋት፣ እስራትና ሞት ሆነ፤ አባ እስጢፋኖስም በእስር ቤት ዐረፉ። የሚደንቀው ነገር ደቂቀ እስጢፋኖስ በኋላ በጉንዳ ጉንዴ ገዳማቸው በሥዕልና በሐረግ ካጌጧቸው የብራና መጻሕፍት ያማሩ በአገራችን ጥቂት መሆናቸው ነው።

በ1448 ዓ.ም. በሰማይ ላይ ብርሃን ታየና ንጉሡ በዚያ ስፍራ ከተማ ቆረቆሩ፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት። ብርሃኑ በዚያው ዓመት የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ይሆናል የሚሉ አሉ። ቤተ መንግሥቱ ግን በጨለማ ፍርሃት ተይዞ ነበር። ጠንቋይ እንዳይጐዳቸው ካህናት ሌሊትና ቀን መዝሙር እየደገሙ በአዳራሹ ጠበል ይረጩ ነበር። በመጨረሻም ጥርጣሬው ወደ ገዛ ቤታቸው ገባ። ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ተቀጥተው ሞቱ። የበእደ ማርያም እናት ንግሥት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ መክራለች በሚል ተገርፋ በ1454 ዓ.ም. ገደማ አረፈች። ልጇ በአምላክ እናት ስም የሚጠራ ሴት፣ የአምላክን እናት ከሁሉ አብልጦ በሚወድ ንጉሥ ትእዛዝ መሞቷን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ።

ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፈ ብርሃንንና ሌሎችንም መጻሕፍት ትተው በ1460 ዓ.ም. አረፉ። በእናቱ ሞት ያዘነው በእደ ማርያም ነገሠና እስረኞችን ፈታ።

የንጉሡ ዐፅም ከጊዜ በኋላ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ፈልሷል። ወደ ደሴቲቱ ሴት ስለማትወጣ እኅቶቻችን ይህን ከወንድሞቻቸው መስማት ግድ ይሆንባቸዋል እንጂ፣ በታንኳ የሚሻገር እንግዳ ዛሬም ዐፅማቸውን በሣጥን ውስጥ ያያል። መነኮሳቱ የፍሬ ጽዮንን ሥዕልና የንጉሡን ሣጥን በአንድ ገዳም ይጠብቃሉ።