ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በአየር፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በቡታጅራ መንገድ ወደ ጥያ ብንሄድ፣ 80 ያህሉን ኪሎ ሜትር በመኪና ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅብናል። እዚያም ሰይፍ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች እናያለን። ከሥራቸው ያረፉት ሰዎች ስማቸው ጠፍቶ ሰይፋቸው ብቻ ቀርቷል። በ1928 ዓ.ም. አንድ አይሮፕላን ነጂ ይህንኑ ሁለት ሰዓት ቢያገኝ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴ ይደርስና መልእክቱን ያስረክብበት ነበር። ዛሬ ለአንባብያን ልናስታውሳቸው የወደድነው፣ በዚህ የአየር ጎዳና በጦርነት መካከል ይመላለሱ የነበሩትን ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ነው።

ሮቢንሰን በ1890ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ተወልደው፣ በሚሲሲፒ ግዛት በጋልፍፖርት ከተማ አደጉ። ተስኪጊ በተባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱ። በዚያ ዘመን የአይሮፕላን ትምህርት ቤት በር ለጥቁር ሰው ዝግ ስለ ነበረ፣ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ገቡና መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ ትምህርቱን ያዳምጡ ጀመር። ትጋታቸው ታይቶ በመጨረሻ ተማሪ ሆኑ፤ ቀጥሎም እሳቸው ራሳቸው ለሌሎች አስተማሪ ሆኑ።

ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ፣ በ1927 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። የአየር ኃይላችን አዛዥነትም ተሰጣቸው። የተረከቡት ግን የጦር መሣሪያ የሌላቸውን ጥቂት ያረጁ አይሮፕላኖች ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። ኅዳር 20 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሲገቡ ደግሞ፣ በጦር ሰፈሩና በዋና ከተማው መካከል መልእክትና ሰው ማመላለስ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአየር ግን 250 ያህል ብቻ ነው። በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው ለዚያ ዘመን አይሮፕላን፣ ሰማዩ ከጠራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃው ነበር።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ ማጠሩ ጉዞውን አላቀለለውም። በደጋው ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ኃይል ይደክማል፤ ተራራውም በጉም ይሸፈናል። የጠላት ተዋጊ አይሮፕላኖች ደግሞ ፈጣኖችና የታጠቁ ነበሩ። መሣሪያ ለሌለው ነጂ መሸሸጊያው ደመናና ሸለቆ ብቻ ነበር። ሮቢንሰን ቆሰሉ፤ ሆኖም ከሥራቸው አልቀሩም።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከፋ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላም በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው መጡና የኢትዮጵያን ወጣቶች በረራ አስተማሩ። መጋቢት 5 ቀን 1946 ዓ.ም. የሚነዱት አይሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ወደቀ። በክፉ ቆስለው በ13ኛው ቀን አረፉ፤ ጉለሌም ተቀበሩ። አብሯቸው የነበረው መሐንዲስም በዚሁ አደጋ ሞተ፤ እሱም ኢጣልያዊ ነበር።

ዛሬ በአገራችን ሰማይ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ ስንበር፣ ሰዓት ቆጥረን መድረሻችንን እናውቃለን። በጥያ ድንጋዮች ሥር ያረፉትን በስማቸው ልንጠራቸው ብንወድ አንችልም። የሮቢንሰንን ስም ግን እናውቀዋለን፤ ጉለሌም ሩቅ አይደለም።