ሶፊያ ኮቫሌቭስካያና የተዘጋው የዕውቀት በር

የአንድ ሥርዓት ምንነት ከሚለካባቸው መመዘኛዎች አንዱ ለዕውቀት የሚሰጠው ቦታ ነው። ማን ይማር፣ ማን ይከልከል የሚለው ጥያቄ ከመደብና ከፆታ ጭቆና ተነጥሎ አይታይም። የሩሲያዊቷ የሂሳብ ሊቅ የሶፊያ ኮቫሌቭስካያ ሕይወት ለዚህ ሐቅ ሕያው ምስክር ነው።

ሶፊያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850 በሞስኮ ተወለደች። አባቷ የመድፈኛ ጦር ጄኔራልና ባለርስት ስለነበሩ አብዛኛውን ልጅነቷን ያሳለፈችው ፓሊቢኖ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። የግድግዳ ወረቀት ስላልበቃ የልጆቹ ክፍል ኦስትሮግራድስኪ የተባሉት ሊቅ ስለ ካልኩለስ በሰጡት ትምህርት ጽሑፍ ተለጠፈ። ሕፃኗም በማታውቃቸው ምልክቶች ላይ ዓይኗን ተክላ ረጅም ጊዜ ታሳልፍ ነበር። ቆይቶም ጎረቤታቸው ፕሮፌሰር ቲርቶቭ በጻፉት የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ያልተማረችው ትሪጎኖሜትሪ ሲያጋጥማት፣ ትርጉሙን ያለ አስተማሪ በራሷ መንገድ ደረሰችበት። በዚህ የተደነቁት ፕሮፌሰር ልጅቱ ትማር ዘንድ አባቷን ወተወቱ።

ይሁንና ተሰጥኦ ብቻውን በር አያስከፍትም። የዛሩ ዩኒቨርስቲዎች ሴቶችን በተማሪነት አይቀበሉም፤ ያላገባች ሴትም ያለ አባቷ ፈቃድ ከአገር መውጣት አትችልም ነበር። በመሆኑም ሶፊያ በ1868 ከቭላዲሚር ኮቫሌቭስኪ ጋር ለስም ያህል ጋብቻ ፈጽማ በተከታዩ ዓመት ወደ ሃይደልበርግ አመራች። በ1870 በርሊን ስትደርስ ዩኒቨርስቲው በሩን ዘጋባት። ታላቁ የሂሳብ ሊቅ ቫየርሽትራስ ግን በከባድ ጥያቄዎች ከፈተኗት በኋላ ለአራት ዓመታት ያህል በግል አስተማሯት። በዚህ መካከል፣ በ1871፣ ወደ ፓሪስ ዘልቃ በኮሚዩኑ ዘመን ቁስለኞችን አስታመመች።

በ1874 የጐቲንገን ዩኒቨርስቲ ስላቀረበቻቸው ሦስት ጥናቶች በከፍተኛ ማዕረግ የዶክትሬት ዲግሪ ሰጣት። ከጥናቶቹ አንዱ እስከ ዛሬ የኮሺና የኮቫሌቭስካያ ቴዎረም እየተባለ ይጠራል። አገሯ ስትመለስ የጠበቃት ሥራ ግን ለጀማሪ ልጃገረዶች የሂሳብ መደብ ማስተማር ብቻ ነበር። ለዓመታትም ከሙያዋ ርቃ ቆየች።

በ1883 ባሏ ከሞተ በኋላ ሚታግ ሌፍለር ወደ ስቶክሆልም ጋበዟት፤ በ1884 ፕሮፌሰር ሆነች። በ1888 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ፣ የተወዳዳሪው ስም ተሸሽጎ በሚቀርብበት ውድድር፣ ስለ ግትር አካል ሽክርክሪት ያቀረበችውን ሥራ መርጦ ሽልማቱን ከ3,000 ወደ 5,000 ፍራንክ ከፍ አደረገላት። ስም በተሸሸገበት ዳኝነት ሥራው ብቻ ተመዘነ! የሩሲያ አካዳሚ በ1889 ተጓዳኝ አባልነት ቢሰጣትም የማስተማር ሥራ አልሰጣትም። በ1891፣ በ41 ዓመቷ፣ በባዕድ አገር አረፈች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። አባቷ ጄኔራል፣ መኖሪያዋም ሰፊ ርስት የነበረች ሴት ይህን ያህል ከተጉላላች፣ ያንን ርስት ያርሱ የነበሩ ገባሮች ሴት ልጆች ዕጣ ምን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ከእነርሱ ግድግዳ ላይ የካልኩለስ ጽሑፍ የሚለጥፍ፣ ለአባታቸውም የሚማልድ ፕሮፌሰር አልነበረም። በየቀበሌያችንና በየፋብሪካችን ከትምህርት ገበታ የቀረች ልጅ ስናይም ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አለመሆኑን እንገንዘብ። ሳይታወቁ የቀሩትን ሶፊያዎች የሚቆጥር መዝገብ የለምና።