ኤድዊን ሆልና ስሱ ወርቅ

 የኤድዊን ሆልን ስም ከፊዚክስ መጽሐፍ እናውቀዋለን። አስተማሪ እንደ ነበር ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ሆል እ.ኤ.አ. በ1855 በአሜሪካ፣ ሜይን በተባለችው ግዛት ተወለደ። በ1875 ኮሌጅ ጨርሶ ሁለት ዓመት ያህል በርዕሰ መምህርነት ሠራ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ያው እንደኛ። ከዚያም ፊዚክስ ለመማር ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ ገባ።

እዚያ የታላቁን የማክስዌልን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ አሳብ አልዋጥለት አለ። መጽሐፉ ማግኔት የሚገፋው ሽቦውን እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት አይደለም ባይ ነው። ኤድሉንድ የተባለ ስዊድናዊ ደግሞ ከዚህ ጋር የማይስማማ ነገር ጽፎ አገኘ። ሆል መምህሩን ፕሮፌሰር ሮውላንድን ጠየቃቸው። ለካ እሳቸውም ሲጠራጠሩ ኖረዋል፤ ሞክረውም አልተሳካላቸውም! መቼም ከኛ መካከል ደብተሩ ላይ የገለበጠውን እውነት ነው ወይ ብሎ መምህሩን የጠየቀ ስንቱ ነው?

የሆልም የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ። በኋላ እንደ ቅጠል የሳሳ ወርቅ መስተዋት ላይ ለጥፎ በማግኔት ጫፎች መካከል አኖረና ከረንት ለቀቀበት። ኦክቶበር 28 ቀን 1879 በወርቁ ግራና ቀኝ ዳር የተያያዘው ጋልቫኖሜትር ተንቀሳቀሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል የሚነዳ ከብት አስቡ። አንድ ኃይል ከጎን ቢገፋው መውረዱን አይተውም፤ ግን በአንዱ ዳር ይታጨቃል፣ ሌላው ዳር ይሳሳል። በወርቁም ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንዲሁ ወደ አንድ ዳር ስለሚገፉ በሁለቱ ዳሮች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ወርቁ ሲሳሳ ያው ከረንት እንዲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ መፍጠን አለባቸው፤ ሲፈጥኑ ግፊቱ ይበረታል። በወፍራም ብረት ውስጥ ግን ቮልቴጁ እጅግ ያንሳል።

ልብ በሉ፣ ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ነው። ሆል የሚገፋው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ማክስዌልም ከሙከራው በ8ኛው ቀን፣ የሆል ጽሑፍ ሳይታተም ዐረፉ። ሆል ቀጥሎ ብረት ሲሞክር ደግሞ ቮልቴጁ ተገልብጦ መጣ። ይህን ለማስረዳት ሳይንስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

ሆል ከዚያ ሃርቫርድ ገባና እስከ 1921 አስተማረ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሚሠሯቸውን የፊዚክስ ሙከራዎች ዝርዝር ያዘጋጀም እሱ ነው። በ1938 ሞተ።

በ1980 ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ የሆልን ሙከራ በጣም በቀዘቀዘና ኤሌክትሮኖች በአንድ ስስ ንጣፍ ላይ ብቻ በሚሄዱበት ሲሊኮን ደገመው። ማግኔቱ እጅግ ብርቱ ነበር። ውጤቱ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ እንደ ይፋት እርሻ እርከን በደረጃ ወጣ። ውሃ በረዶ የሚሆነው ሙቀት ሲቀንስ ነው። እነዚህ ኤሌክትሮኖች ግን ሙቀቱ ሳይለወጥ፣ የማግኔቱ ብርታት ወይም የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ሲለወጥ ብቻ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ከ1990 ጀምሮ ታላላቅ የመለኪያ ቤተ ሙከራዎች ኦምን የሚያስተካክሉት በዚሁ እርከን ነው።