ከጆሮ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ጆሮ፦ ሐዲስ ዓለማየሁና መጽሐፋቸው

ነገሬን በኑዛዜ ልጀምር። የአማርኛ ተማሪ ሆኜ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አላነበብኩትም ነበር። ታሪኩን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ። የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ የሰማችው ከሬዲዮ ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። በልጅነቷ የጎረቤት ሰው ሁሉ አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብና ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስለ መጽሐፉ ሲወራ እኔም እንዳነበበ ሰው ሆኜ አወራ ነበር። መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ውስጥ ውስጡን ሲከነክነኝ ኖሯል። መልሱን ያገኘሁት የደራሲውን ሕይወት ስመረምር ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው ካህን ነበሩ። ልጅ ሐዲስ እንደ አካባቢው ልጆች ከፊደል ተነሥተው ወደ ቅኔ ተሻገሩ፤ በኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች ተምረዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የቅኔ ትምህርት በዋናነት የጆሮና የአፍ ትምህርት ነው። መምህሩ ይዘርፋል፣ ተማሪው ሰምቶ ይይዛል፣ ሌሊት ያወጣል ያወርዳል፣ ሲነጋ የራሱን ይዞ ይቀርባል። ደራሲያችን ቋንቋን መጀመሪያ ያወቁት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄዱና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። ገና ተማሪ ሳሉ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ተውኔት ጽፈው ነበር። ርዕሱ ብቻውን ሐሳባቸው ከወዲሁ ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል። ቀጥለው ወደ ጎጃም ተመልሰው በመምህርነትና በመንግሥት ሥራ ጥቂት እንዳገለገሉ የ1928ቱ ጦርነት መጣ። በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሆነው በሰሜን ግንባር ተዋጉ። ጦሩ ከተፈታም በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ ዘልቀው ትግሉን ቀጠሉ፤ በ1929 ዓ.ም. ግን ተማረኩ። ወደ ጣልያን ተወስደው ሰባት ዓመት ገደማ በደሴት ላይ በግዞት ቆዩ። የወጣትነታቸው ጥሩው ዘመን ያለፈው እንግዲህ በእስር ነው።

ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመናቸው በዲፕሎማትነት ያለፈ ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ባልደረባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው ተወካይ፣ ከዚያም የትምህርት ሚኒስትርና በለንደን አምባሳደር ሆነዋል። ሹመቱን ቶሎ ልለፈው፤ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ ተደራርቦባቸው ሳለ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የመጀመሪያ መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ነው። ዓለምን የዞረ ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ ተረት ይጽፋል! በአፍ የኖረውን ነገር ወደ ወረቀት አመጡት ማለት ነው።

ከለንደን ከተመለሱ በኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። ታሪኩ የእኛው አገር ታሪክ ነው። የማንኩሳው በዛብህ በእናቱ ስለት ምክንያት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ዲማ ቅኔ ተምሮ ሲያበቃ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይገባል፣ ከዚያ ፍቅር ይመጣል። ጉዱ ካሣ በተራው የራሱን ወገን የባላባቱን ሥርዓት እየነቀፈ እንደ ዕብድ ይቆጠራል። ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ ላይ ይነሣሉ። ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ስትወጣ ደግሞ፣ እናቴ እስከ ዛሬ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የተባለ የሳይንሳዊ ልብወለድ ድራማ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሮ ነበር። ጄምስ ብሊሽ የተባለው ደራሲ የድራማውን ክፍሎች ወደ አጫጭር ታሪክ እየለወጠ በመጽሐፍ ያወጣቸው ጀመር፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው ድራማ ሰዎች ላይ የተመሠረተ ወጥ ልብወለድ ጻፈ። እዚያ ከስክሪን ወደ መጽሐፍ ሆነ፤ እኛ ጋ ከመጽሐፍ ወደ ሬዲዮ። መንገዱ ቢገለበጥም የአንባቢው ደስታ ግን ይመሳሰላል። እነሱ ሲያነብቡ የተዋናዮቹ ፊት ይታያቸዋል፤ እኛ ስናነብ የተራኪው ድምፅ ይሰማናል።

ያ ድምፅ የወጋየሁ ንጋቱ ነው፣ ነፍሱን ይማር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ላይ መጽሐፉን ሲተርከው ለፊታውራሪ የፊታውራሪን፣ ለጉዱ ካሣ የጉዱ ካሣን አነጋገር እየሰጠ ነበር። መጽሐፉን መግዛት የማይችለውም፣ ማንበብ የማይችለውም ገበሬ የራሱን ሕይወት በራሱ አማርኛ ሰማ። ዛሬም ትረካው በየሰዉ ስልክ ላይ አለ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ አላበቁም። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ መጽሐፍ አወጡ። ከለውጡ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠይቀው እንዳልተቀበሉ ይነገራል። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ የጦርነትና የግዞት ማስታወሻቸው «ትዝታ» ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ተከተሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1991 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወደ ኑዛዜዬ ልመለስና ላብቃ። በመጨረሻ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩት። እናቴ የዘለለቻቸውን የጉዱ ካሣ ረጃጅም ክርክሮች ያገኘሁት ያኔ ነው። ከታሪኩ በታች ሌላ ትልቅ ጥያቄ እንዳለ፣ ሰው በዘሩና በተወለደበት ቤት ለምን ይመዘናል የሚል ጥያቄ እንዳለ የገባኝም ከገጹ ነው። ስለዚህ መስማት ብቻውን በቂ ነው አልልም። ነገር ግን ባልሰማው ኖሮ ያን ወፍራም መጽሐፍ አልደፍረውም ነበር። ደራሲውም ቢሆኑ ከጆሮ ጀምረው ነው ወረቀት ላይ የደረሱት።

ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩና ማታ ማታ ለእናቴ እነዚያን የተዘለሉ ክርክሮች አነበብኩላት። ጉዱ ካሣ ዕብድ አለመሆኑን ድሮም ታውቅ እንደነበር ነገረችኝ።