ሺ ኋንግዲ፤ የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት

ቻይና በእስያ ምሥራቅ የምትገኝ እጅግ ሰፊ አገር ናት። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈሱ ሁለት ታላላቅ ወንዞች አሏት፤ የሰሜኑ ቢጫ ወንዝ፥ የደቡቡም ያንግጼ ይባላል። በቢጫው ወንዝ ዳር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እያረሰና ከተማ እየሠራ ይኖር ነበር። በዚያም ብዙ የነገሥታት ቤቶች ተነሡ፥ ብዙዎችም ወደቁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ዓመት ገደማ የጆው ነገሥታት የሻንግን ነገሥታት ድል አድርገው ዙፋኑን ወሰዱ። ሰማይ መንግሥትን ለደግ ንጉሥ እንደሚሰጥ፥ ሕዝቡን ከሚያስጨንቅ ንጉሥ ግን መልሶ እንደሚወስድም ያስተምሩ ነበር።

ዘመን ባለፈ ጊዜ የጆው ነገሥታት ራሳቸው ደከሙ። በየአውራጃው ይገዙ የነበሩት መሳፍንት መታዘዝን ተዉ፥ እያንዳንዱም የንጉሥነት ስም ያዘ። ሰባት ታላላቅ መንግሥታትም እርስ በርሳቸው ከ200 ዓመት በላይ ተዋጉ። እርሻው ተረገጠ፥ ከተማው ተቃጠለ፥ ብዙ ልጆችም ያለ አባት ቀሩ። ከሰባቱ መንግሥታት በምዕራብ ጫፍ የነበረው ቺን ይባል ነበር። የቺን ሰዎች ብርቱዎች ገበሬዎችና ወታደሮች ነበሩ፤ ሕጋቸውም እጅግ የጠና ነበረ።

በዚያ ዘመን ነገሥታት ቃል ኪዳን ሲገቡ ልጆቻቸውን መያዣ አድርገው ይሰጡ ነበር። ከቺን ንጉሥ የልጅ ልጆች አንዱ ጃው በሚባለው በጠላት አገር መያዣ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በዚያም ሳለ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ259 ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደለት፥ የልጁም ስም ጄንግ ተባለ። ከልደት በፊት ያለው ዓመት ቁጥሩ እያነሰ እንደሚሄድ አንባቢ ያስተውል። ሉ ቡዌይ የሚባል ባለጠጋ ነጋዴ በገንዘቡና በብልሃቱ ረድቶ አባትየውን ወደ አገሩ መለሰው፤ ጄንግና እናቱም በኋላ ተከተሉት። አባቱ ነግሦ ጥቂት ዓመት ብቻ ከገዛ በኋላ በ247 ዓመት ሞተ። ጄንግም በ13 ዓመቱ ነገሠ። ገና ልጅ ስለ ነበረም ሉ ቡዌይ አገሩን ያስተዳድርለት ነበር። ጄንግ ካደገ በኋላ በ238 ዓመት ሥልጣኑን በእጁ ያዘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሉ ቡዌይን ከሹመቱ ሻረው።

ጄንግ በወጣትነቱ ቁጡና ኀይለኛ ነበረ፤ ነገር ግን ምክርን ይሰማ ነበር። ይህም በሁለት ነገር ታወቀ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ከጎረቤት መንግሥታት አንዱ ቺንን ፈርቶ ተንኮል ዐሰበ። ውሃ መጥለፍን የሚያውቅ ሰው ወደ ቺን ላከ፥ ያም ሰው የቺንን ንጉሥ ረጅም የመስኖ ቦይ እንዲያስቈፍር አግባባው። የተንኮሉ ምክንያት የቺን ሕዝብና ገንዘብ በቁፋሮ አልቆ ለጦርነት እንዳይተርፍ ነበር። ሥራው ሳይፈጸም ተንኮሉ ተገለጠ። መኳንንቱም ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሁሉ እንዲባረር ለመኑ፥ ንጉሡም እንዲባረሩ አዘዘ። ከሚባረሩት መካከል ሊ ሲ የሚባል ሊቅ ነበረ። እርሱም ለንጉሡ ደብዳቤ ጻፈ፤ የቺን መንግሥት ታላቅ የሆነው ከሌላ አገር በመጡ ሰዎች ምክር መሆኑን፥ እነርሱን ማባረርም ጠላትን ማበርታት መሆኑን በምሳሌ አስረዳ። ንጉሡ ደብዳቤውን አንብቦ ትእዛዙን ሻረ፥ ሊ ሲንም አስመልሶ በቤተ መንግሥቱ አኖረው። የውሃውም ዐዋቂ ሥራውን እንዲፈጽም ተተወ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ቦይ በተፈጸመ ጊዜ ደረቁ ምድር እህል አበቀለ፥ ቺንም ጠገበ። ለጥፋት የታሰበውም ነገር ለብርታት ሆነ።

ሁለተኛውም እንዲህ ነው። ንጉሡ በደቡብ ያለውን ሰፊውን የቹን መንግሥት ለመውጋት ባሰበ ጊዜ ስንት ወታደር እንደሚበቃ የጦር አለቆቹን ጠየቀ። አንድ ወጣት አለቃ 200,000 ሰው እንደሚበቃው ተናገረ። ዋንግ ጂየን የሚባለው ሽማግሌ አለቃ ግን ከ600,000 ማነስ እንደማይገባው አስታወቀ። ንጉሡ ሽማግሌውን እርጅና እንዳስፈራው ቈጥሮ ናቀው፥ ወጣቱንም ላከ። ወጣቱ ክፉኛ ድል ተነሣ። ያን ጊዜ ንጉሡ ወደ ዋንግ ጂየን ቤት ራሱ ሄደ፥ ምክሩን ባለመስማቱም ይቅርታ ለመነው። ሽማግሌውም የጠየቀውን ያህል ሠራዊት ይዞ ዘመተ፤ በ223 ዓመትም ቹ ድል ሆነ።

እንዲህ እያለ ጄንግ ከ230 እስከ 221 ዓመት ድረስ፥ በ10 ዓመት ውስጥ፥ ስድስቱን መንግሥታት ሁሉ ያዘ። ንጉሥ የሚለው ስም ስላነሰበት ሺ ኋንግዲ ተባለ፤ ትርጓሜውም የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ከእርሱም በኋላ ልጁ ሁለተኛው፥ የልጅ ልጁም ሦስተኛው እየተባለ ዘሩ እስከ አሥር ሺህ ትውልድ እንዲነግሥ ተመኘ።

ሺ ኋንግዲ አገሩን አንድ ለማድረግ ታላላቅ ሥራዎችን ሠራ። ግዛቱን በ36 አውራጃዎች ከፈለ፤ በየአውራጃውም ራሱ የሚሾማቸውንና የሚሽራቸውን ገዦች አኖረ። ቀድሞ ፊደሉ በየመንግሥቱ ይለያይ ስለ ነበረ፥ በአንዱ አገር የተጻፈውን ደብዳቤ የሌላው አገር ሰው ለማንበብ ይቸግረው ነበር፤ እርሱ ግን አንድ የአጻጻፍ ሥርዐት አወጣ። ሚዛንና መስፈሪያ በአገሩ ሁሉ አንድ እንዲሆን አዘዘ። ገንዘቡም መካከሉ አራት ማዕዘን ሆኖ የተበሳ ክብ የመዳብ ገንዘብ ሆነ። የሠረገላ መንኰራኵር ስፋት እንኳ በሁሉ ስፍራ አንድ እንዲሆን ወሰነ፤ ይኸውም ሠረገሎች በአንድ መንገድ ያለ ችግር እንዲሄዱ ነው። ወደ አራቱም ማዕዘን ሰፋፊ ጐዳናዎች አስወጣ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥራ በሕዝቡ ጫንቃ ላይ የተጫነ ነበር። በሰሜን የሚኖሩት ፈረሰኞች እንዳይገቡ ሜንግ ቲየን የሚባለው የጦር አለቃ 300,000 ሰው ይዞ ዘመተ፥ የቀድሞዎቹንም ነገሥታት ግንቦች እያያዘ ረጅም ቅጥር ሠራ። ዛሬ ታላቁ የቻይና ግንብ ተብሎ የሚታየው አብዛኛው ክፍል ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በሚንግ ነገሥታት የተሠራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለራሱ ባሠራው መቃብርና ቤተ መንግሥትም 700,000 ሰዎች እንደ ደከሙ የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ጽፏል። ገበሬው ከእርሻው እየተወሰደ በሩቅ አገር ድንጋይ ሲሸከም ዋለ። ጥቂት ያጠፋውም ቅጣቱ ከባድ ነበር።

ክብሩ በበዛ መጠን የሺ ኋንግዲ ጆሮ እየተዘጋ ሄደ። በ213 ዓመት በአንድ ግብዣ ላይ አንድ ሊቅ የጥንት ነገሥታትን ሥርዐት መከተል እንደሚሻል መከረ። ያን ጊዜ ሊ ሲ ዋና አማካሪ ሆኖ ነበር። እርሱም ሊቃውንት በጥንቱ ነገር እያመካኙ የዛሬውን መንግሥት እንዳይነቅፉ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ መከረ። ራሱ በደብዳቤ የዳነው ሰው የሌሎችን መጽሐፍ አስቃጠለ። የሕክምና፥ የጥንቆላና የእርሻ መጻሕፍት፥ የቺንም ነገሥታት ታሪክ ተተዉ። በሚቀጥለውም ዓመት ከ460 በላይ ሊቃውንት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ እንደ ተገደሉ ተጽፏል።

የንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ ልጅ ፉሱ ይህን ባየ ጊዜ ዝም ሊል አልወደደም። አገሩ ገና አንድ መሆኑ ስለ ሆነ ሊቃውንትን በጽኑ ቅጣት መቅጣት ሕዝቡን እንደሚያሸብር ለአባቱ አስረዳ። አባቱ ግን ተቈጥቶ ሜንግ ቲየን ወዳለበት ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ሰደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነትን ደፍሮ የሚናገረው አልተገኘም።

ሺ ኋንግዲ ሞትን እጅግ ይፈራ ነበር። የማይሞቱበትን መድኀኒት ፈልገው እንዲያመጡለት ሰዎችን በመርከብ ወደ ምሥራቁ ባሕር ላከ፤ መድኀኒቱ ግን አልተገኘም። የሞትን ነገር መስማት ስለሚጠላ መኳንንቱ በፊቱ ሊያነሡት አይደፍሩም ነበር። በ210 ዓመት ግዛቱን ሲጐበኝ በመንገድ ታመመ። ሞቱ በቀረበ ጊዜ ለቀብሩ እንዲመጣ ወደ ፉሱ ደብዳቤ አጻፈ፤ ደብዳቤው ሳይላክ ግን በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

ደብዳቤው በጃው ጋው እጅ ነበረ። ይህ ሰው የቤተ መንግሥት ባለሟልና ተንኮለኛ ነበር፤ ሊ ሲንም አባብሎ ተባባሪ አደረገው። ሁለቱ የንጉሠ ነገሥቱን ሞት ሸሸጉ። ሬሳው በሠረገላው ውስጥ ሆኖ ጕዞው ቀጠለ፤ ምግብም እንደ ወትሮው ይቀርብለት ነበር። ወራቱ ሞቃት ስለ ነበረ ሬሳው ሲሸት፥ የጨው ዓሣ የተጫነበት ሠረገላ አብሮ እንዲሄድ አደረጉ፤ ይኸውም ሽታው እንዳይለይ ነው። ታላቁ ንጉሠ ነገሥት ሕያው ሳለ እውነት እንዳይነገረው እንደ ከለከለ፥ በሞተም ጊዜ እውነቱ ከሕዝቡ ተሸሸገ።

ጃው ጋውና ሊ ሲ በአባቱ ስም ሐሰተኛ ደብዳቤ ጽፈው ፉሱ ራሱን እንዲገድል አዘዙ። ሜንግ ቲየን ትእዛዙ እውነተኛ መሆኑ አስቀድሞ እንዲመረመር መከረው፤ ፉሱ ግን የአባቱን ቃል መጠራጠር አልወደደምና ሞተ። በእርሱም ፈንታ ታናሽ ወንድሙ ሁሃይ ነገሠ።

በ209 ዓመት ቸን ሸንግና ዉ ጓንግ የሚባሉ ድኾች ከ900 ሰዎች ጋራ ወደ ጠረፍ ጥበቃ ሲሄዱ ዝናብ መንገዱን ዘጋባቸው። ሲማ ቺየን እንደ ጻፈው ከተወሰነው ቀን መዘግየት በሞት ያስቀጣ ነበር። ቢሄዱም ቢሸሹም ሞት እንደማይቀርላቸው ባወቁ ጊዜ ዐመፁ፥ አገሩም ሁሉ ተከተላቸው። አንድ መልክተኛ የዐመፁን ወሬ ለሁሃይ በነገረው ጊዜ ሁሃይ ተቈጥቶ አሳሰረው። ከዚያ በኋላ የመጣው መልክተኛ ግን ዐመፀኞቹ ጥቂት ሽፍቶች ብቻ መሆናቸውንና መያዛቸውን ተናገረ፥ ሁሃይም ደስ አለው። እንዲህም መንግሥቱ ሲቃጠል እርሱ በሰላም ያለ መሰለው።

ጃው ጋው ሊ ሲን አስገደለው፤ በ207 ዓመትም መኳንንቱን ለመፈተን አንድ አጋዘን አምጥቶ ፈረስ ነው ሲል ለንጉሡ አቀረበ። ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ፈርተው ዝም አሉ፥ አንዳንዶቹም ፈረስ መሆኑን መሰከሩ፤ እውነቱን የተናገሩትን ጃው ጋው በኋላ ቀጣቸው። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ሁሃይን ራሱን አስገድዶ እንዲሞት አደረገው። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዚዪንግ ጃው ጋውን አስገደለ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በነገሠ በ46ኛው ቀን ከዐመፀኞቹ አለቆች ለአንዱ፥ ለሊዩ ባንግ፥ እጁን ሰጠ። ለአሥር ሺህ ትውልድ የታሰበው መንግሥት በ15 ዓመት አለቀ።

ሊዩ ባንግ ከገበሬ ቤት የተወለደ ሰው ነበር። ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሺያንያንግ ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ሀብት ባየ ጊዜ በዚያ ሊቀመጥ ወደደ። ወዳጆቹ ግን ቺንን የጣላት እንዲህ ያለ ምቾት መሆኑን አስታወሱት። እርሱም ሰማ፤ ግምጃ ቤቱን አሽጎ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። የቺንን ከባድ ሕግ ሽሮ መግደልን፥ ማቍሰልንና መስረቅን የሚከለክሉ ሦስት ድንጋጌዎችን ብቻ ዐወጀ። ከሌሎች አለቆች ጋራ ከተዋጋም በኋላ በ202 ዓመት ንጉሠ ነገሥት ሆነ፥ የሃንንም መንግሥት መሠረተ። ያም መንግሥት በመካከሉ አጭር መቋረጥ ቢኖርበትም እስከ 220 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ቈየ።

በ1966 ዓ.ም. ገበሬዎች በሺ አን ከተማ አቅራቢያ የውሃ ጕድጓድ ሲቈፍሩ ከሸክላ የተሠራ የወታደር ምስል አገኙ። ከዚያም የሺ ኋንግዲን መቃብር እንዲጠብቁ የተቀበሩ በሺህ የሚቈጠሩ የሸክላ ወታደሮች ተገኙ። ፊታቸው የተለያየ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ዝም ብለዋል።

የሺ ኋንግዲ ብዙ ሥራ ከእርሱ በኋላ ኖረ። አንዱ ፊደልና የአውራጃ አገዛዝ ለሃን ነገሥታት ተላለፈ፥ የቻይናም ሕዝብ አንድ አገር መሆንን አልረሳም። ቤቱ ግን ወደቀ። ሽማግሌውን ይቅርታ በለመነበት ቀን አንድ ታላቅ መንግሥት አገኘ፤ ልጁን ባባረረበት ቀን ግን የራሱን መንግሥት አጣ። ስሕተትን የሚነግር ሰው መራራ ቢመስልም የቤት ምሰሶ ነው፤ ምሰሶውን የነቀለም ጣራው በወደቀበት ጊዜ ሌላውን ሊከስ አይችልም።