ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፦ ለከተማ ፕላን ቋሚ መሥሪያ ቤት የተሟገቱ ባለሙያ

የከተማ ፕላን የሚጸናው በንድፉ ውበት ብቻ አይደለም። የሚያጠናው፣ የሚያዘጋጀው፣ የሚያስፈጽመውና በየጊዜው የሚከልሰው ቋሚ መሥሪያ ቤት ያስፈልገዋል። የለንደንን፣ ኋላም የአዲስ አበባን መሪ ፕላን ያዘጋጁት እንግሊዛዊው አርክቴክት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የሕይወት ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና መምህርነት

አበርክሮምቢ በ1879 በማንቸስተር ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። የአርክቴክትነትን ሙያ በአንድ የማንቸስተር አርክቴክት ቢሮ ተምረው በ1907 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲን ተቀላቀሉ። ዩኒቨርሲቲው በ1909 የከተማ ፕላን የሚያስተምር የትምህርት ክፍል ሲያቋቁም ከመጀመሪያዎቹ አገልጋዮቹ አንዱ ሆኑ፤ በ1915 ደግሞ የክፍሉን የፕሮፌሰርነት መንበር ያዙ። በ1935 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዛወሩ።

ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት ዋና መርሕ ከስኮትላንዳዊው ሊቅ ከፓትሪክ ጌዲስ የወረሱት ነበር፤ ይኸውም ከፕላን በፊት ጥናት መቅደም እንዳለበት ነው። የሕዝቡ ብዛት፣ የቤቱ ይዞታ፣ የሥራው ቦታ፣ የመንገዱና የውኃው ሁኔታ ሳይታወቅ መስመር ማስመር ለአበርክሮምቢ ግምት እንጂ ፕላን አልነበረም።

በማዘጋጃ ቤት ውስጥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ የለንደን አውራጃ ምክር ቤት ከተማዋን መልሶ ለመገንባት የሚያስችል ፕላን እንዲዘጋጅ ወሰነ። አበርክሮምቢ ለዚህ ሥራ ሲጠሩ የራሳቸውን ቢሮ አላቋቋሙም። ከምክር ቤቱ ዋና አርክቴክት ከጆን ፎርሾ ጋር ተጣምረው በዚያው መምሪያ ባለሙያዎች ሠሩ። በ1943 የታተመው ፕላን ለንደንን በነባር ሰፈሮቿ ከፋፍሎ እያንዳንዱ ሰፈር ትምህርት ቤት፣ ገበያና መናፈሻ እንዲኖረው አመለከተ፤ ለ1,000 ነዋሪም 4 ኤከር፣ ማለትም 1.6 ሄክታር ያህል ክፍት ቦታ መደበ።

ባለሙያውና መሥሪያ ቤቱ አብረው መሥራታቸው የሚያስገኘው ጥቅም በሁለት የወደብ ከተሞች ዘንድ ጎልቶ ታየ። ለፕሊመዝ ከተማ አበርክሮምቢ ፕላኑን ያዘጋጁት ከከተማዋ ዋና መሐንዲስ ከጄምስ ፓተን ዋትሰን ጋር ነበር። ምክር ቤቱ ፕላኑን የራሱ አድርጎ ያዘው፤ የፈረሰው መሐል ከተማም ከ1947 ጀምሮ በዚያው መሠረት ተገነባ። ለሃል ከተማ ያዘጋጁት ፕላን ግን፣ ታላቁ አርክቴክት ኤድዊን ሉተንስ የተሳተፉበት ቢሆንም፣ ከነጋዴዎች ተቃውሞ ገጠመውና አብዛኛው ክፍል ሳይፈጸም ቀረ።

የሥልጣን ወሰን ጥያቄ

በ1944 ያጠናቀቁት የታላቋ ለንደን ፕላን ሌላ ችግር ገለጠ። አረንጓዴ ቀበቶውና በዙሪያው እንዲመሠረቱ የታሰቡት አዳዲስ ከተሞች ከ140 በላይ በሆኑ የአካባቢ አስተዳደሮች ወሰን ውስጥ ይወድቁ ነበር። አንዱ አስተዳደር ለመናፈሻ የከለለውን ሌላው ለፋብሪካ ቢሰጠው ፕላኑ ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህም አበርክሮምቢ አካባቢውን በአንድነት የሚመራ የክልል የፕላን ቦርድ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ቦርዱ ባይቋቋምም፣ በ1946 የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ከ1,400 በላይ በሆኑ አነስተኛ አስተዳደሮች ተበታትኖ የነበረውን የፕላን ሥልጣን በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 145 አስተዳደሮች ሰበሰበ። እያንዳንዱ አስተዳደር አካባቢውን እንዲያጠና፣ የልማት ፕላን እንዲያዘጋጅና በየ5 ዓመቱ እንዲከልሰው ተገደደ። የግንባታ ፈቃድ የመስጠትና የመንፈግ ሥልጣንም ለዚያው ፕላን አዘጋጅ አስተዳደር ተሰጠ። ጥናት፣ ዝግጅት፣ ፈቃድና ክለሳ በአንድ ጣራ ሥር የተገናኙት በዚህ ሁኔታ ነው።

አዲስ አበባ

አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ አጋማሽ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጥሪ የአዲስ አበባን መሪ ፕላን አዘጋጁ። ፕላኑ የቀለበትና ከመሐል ወደ ዳር የሚወጡ መንገዶችን፣ በሰፈር የተደራጁ መኖሪያዎችንና የመሐል ከተማውን ጫና የሚያቃልሉ ሳተላይት ከተሞችን የያዘ ነበር። የለንደኑ ልምድ በግልጽ ይታይበታል።

የለንደኑ መምሪያ ግን አብሮ አልመጣም። የከተማዋ መሬት በአብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበር ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገድና ለመናፈሻ የሚያስፈልገውን ቦታ በቀላሉ ማግኘት አልቻለም፤ ፕላኑን በየዕለቱ የሚያስፈጽም በቂ የሰው ኃይልም አልነበረውም። አበርክሮምቢ በ1957 ካረፉ በኋላ በ1959 ቦልተን ሄነሲ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት፣ በ1965 ደግሞ በደ ማሪየን የተመራ የፈረንሳይ ቡድን ፕላኑን ተራ በተራ አሻሻሉት። በመላ አገሪቱ ከተሞችን በፕላን የሚያግዝ ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1987 ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ የፕላን ደረጃዎችንና የማዘጋጀት ኃላፊነትን በሕግ ወሰነ።

ለዛሬ የከተማ አስተዳደሮች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። አጥኚው፣ ፕላን አዘጋጁ፣ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው የሚጠቀሙት ካርታ የተለያየ ከሆነ የተሻለው ፕላን እንኳ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በአንድ አመራር ሥር ተቀናጅተው ሲሠሩ ግን አማካሪው ቢሄድም ሥራው ይቀጥላል።