ልዑል ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል እና የመልእክት መንገድ ምርጫ

ልዑል ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል በግንቦት ወር 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ በመሆናቸው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የቅርብ ዘመድ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. ሐረር በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ የሐረር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጅግጅጋና አካባቢዋም ከሐረር በሚመራው አስተዳደር ሥር ነበሩ። የጠረፉ ወሬ ወደ መናገሻው የሚደርሰው በእግረኛና በበቅሎ በመሆኑ የመልእክት ጉዳይ የአስተዳደራቸው ዋነኛ ችግር ነበር።

መልእክት ቢደርስም ትርጉሙ ሊለወጥ እንደሚችል የታየው በውጫሌ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል ስሙን ያገኘው በወሎ ከምትገኘው ውጫሌ እንጂ በሶማሌ ክልል ካለችው ቶጎ ውጫሌ አይደለም። መኮንን ውሉን ተከትሎ የተላከውን መልእክተኛ ቡድን እየመሩ ወደ ጣልያን ተጓዙ። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በጣልያን መጠቀም እንደምትችል ሲገልጽ፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። የሁለቱ ጽሑፎች አለመጣጣም ያስነሣው ውዝግብ ወደ አድዋ ጦርነት ካመሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። መኮንንም በዘመቻው በአምባላጌ፣ በመቀሌና በአድዋ ጦር መርተዋል።

ከጣልያን ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 በተጀመረው የአገሪቱ የቴሌኮም ሥራም ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘርግቷል። በወቅቱ ሌላው አማራጭ ቴሌግራፍ ነበር። ቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝን በሚያፈራርቀው የሞርስ ምልክት ይሠራል፤ ምልክቱም የተዘጋጀው ለላቲን ፊደል ነው። ከ200 በላይ ሆሄያት ባሉት ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ለመላክ መጀመሪያ በላቲን ፊደል መገልበጥ ወይም ወደ ውጭ ቋንቋ መተርጎም፣ ከዚያም ምልክቱን የሚያውቅ ሠራተኛ በሁለቱም ጫፍ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ስልክ በአንጻሩ ድምፅን በተናጋሪው ቋንቋ ያደርሳል። ቴሌግራፍ በረጅም ርቀት ላይ ምልክቱን በጥራት የማድረስ ብልጫ ቢኖረውም፣ ስልክ የትርጉም ስሕተት የሚገባበትን አንዱን በር ይዘጋል።

ራስ መኮንን ግንቦት 28 ቀን 1889 ዓ.ም. በሐረር ከእንግሊዙ ልዑክ ከሮድ ጋር ስለ ድንበር ደብዳቤ ተለዋወጡ። የአሁኗ ቶጎ ውጫሌ የምትገኝበት የድንበር መስመር መነሻው ይኸው ስምምነት ሲሆን፣ በግራና በቀኝ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በግጦሽና በውኃ የመጠቀም መብታቸውም በጽሑፉ ተጠቅሷል። በ1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ተከታዮች በጅግጅጋ የነበረውን የጦር ሰፈር ማጥቃታቸው ደግሞ ፈጣን መልእክት ለጠረፍ አስተዳደር ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበር ያሳያል። ራስ መኮንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. በቁልቢ አርፈው በሐረር ተቀበሩ።

እርሳቸው የኖሩበት ዘመን ምርጫ በሌላ መልክ ዛሬም አለ። በሞባይል የሚላክ አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እስከ 70 ምልክቶችን ብቻ ይይዛል። ምክንያቱም ስልኮች የላቲን ፊደልን ባነሰ ቦታ፣ ሌሎችን ፊደላት ደግሞ በሰፊ ቦታ ስለሚመዘግቡ ነው። ስለዚህ ሶማልኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ የጅግጅጋ ነዋሪ በአንድ መልእክት የሚያደርሰውን ጉዳይ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ጎረቤቱ በሁለት ወይም በሦስት መልእክት ሊከፍለው ይችላል። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ቦታ ቢቆጥብም፣ «ጠ»ንና «ተ»ን ያደባልቃል፤ ስምም በመዝገብ ላይ በተለያየ አጻጻፍ እንዲሰፍር ያደርጋል። ተገልጋዮች ስማቸውን በመታወቂያቸው ላይ በሰፈረው አጻጻፍ ማስገባታቸው፣ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ሰነድ ሲቀርብላቸውም ከመፈረማቸው በፊት ሁለቱንም ቅጂዎች ማስነበባቸው መብታቸውን ያስከብራል።